ታዳጊዎችን ለእኩዮቻቸው መካሪ አድርጎ ማሰልጠን፦ ከምርጫ እስከ ክትትል እንዴት ይሠራል?

አስተባባሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለፋችሁ ሰዎች እንድታግዙኝ ነው። የምሠራው ወጣቶች አገልግሎት፣ ክህሎት፣ አካል ብቃትና ጉዞ የሚባሉ ክፍሎችን እየሠሩ በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ደረጃ በሚያልፉበት የአዋርድ (የሽልማት) ፕሮግራም ላይ ነው። በሚመጣው ዙር 14 እና 15 ዓመት የሆናቸው 36 አዲስ የነሐስ ተሳታፊዎች ይገባሉ። ነሐስን ጨርሰው ብር የጀመሩ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችም አሉን፤ እነሱን ለአዲሶቹ የአቻ መካሪ ልናደርጋቸው አስበናል።

እስካሁን የምንሰጠው የአንድ ቀን ስልጠና ነው። ቲሸርት እናለብሳለን፣ ደልድለን እንለቃቸዋለን። ከአራተኛና ከአምስተኛ ሳምንት በኋላ ግን ከመካሪዎቹ ብዙዎቹ ይጠፋሉ። የሚቀሩትም አስተማሪ ይሆናሉ፤ ያዝዛሉ፣ ይቆጣሉ፣ የታናሾቹን የግብ ቅጽ ራሳቸው ይሞሉላቸዋል። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ከባድ ምስጢር ሲነገራቸው ይዘውት ዝም ማለታቸው ነው።

ማንን እንምረጥ? ስልጠናው ስንት ሰዓት ይሁን፣ ውስጡስ ምን ይኑር? አንድ መካሪ ስንት ልጅ ይያዝ? የመካሪነት ሰዓታቸው ለራሳቸው የብር ደረጃ ይቆጠርላቸዋል ወይ? በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አሰልጣኙ፦

ሰላም እህቴ። ከምርጫው ልጀምር፤ አስተማሪ የሚሆኑ መካሪዎች የሚመጡት ከዚያ ነውና።

ውጤቱ ከፍ ያለውን፣ ንግግር የሚያምርለትን፣ መድረክ የማይፈራውን ልጅ መምረጥ ይቀላል። እንዲህ ያለው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ሁሉ ነገር ተሳክቶለት የመጣ ስለሆነ፣ የሚደናቀፈው ታናሹ ለምን እንደሚደናቀፍ አይገባውም። ሳይገባው ሲቀር ይቆጣል፣ ወይም ቅጹን ነጥቆ ይሞላዋል። የምትፈልጊው አንዱ ክፍል ከብዶት የነበረ፣ ግቡን መሃል ላይ የቀየረ፣ ዘግይቶም ቢሆን የጨረሰ ልጅ ነው።

ራሳቸው በአንድ ገጽ ያመልክቱ፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ከነሐስ ደረጃ የትኛው ክፍል ከበደህ? ያን ጊዜ ማን ምን አደረገልህ? በሳምንት ውስጥ ሁልጊዜ ነፃ የሆነው አንድ ሰዓትህ የትኛው ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል። ሆኖም የተወሰነ ሰዓት መጥቀስ ያልቻለ ልጅ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ ከሚጠፉት አንዱ ነው።

ከዚያ የ10 ደቂቃ ሙከራ ስጪያቸው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ። አንዱ ወረቀት አጥፎ ጀልባ መሥራት ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። የሚያውቀው ወረቀቱን መንካት አይፈቀድለትም፤ በቃል ብቻ ይምራ። አንቺ ጀልባውን ትተሽ መሪውን ተመልከቺ። አንዳንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ወረቀቱን ይነጥቃል። ሌላው ያልገባውን ልጅ ያንኑ ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግምለታል። ጥቂቶች ግን ቆም ብለው «እስካሁን የገባህን አሳየኝ» ይላሉ። እነዚህን ያዢ። የነጠቀውም ተስፋ የለውም ማለት አይደለም፤ በስልጠናው ሊቃና ይችላል፤ ድምፁን የሚያነሳው የበለጠ ሥራ ይጠይቃል።

ስለ ቁጥሩ፦ ለ36 ልጅ 12 መካሪ በቂ ነው፤ ግን 15 አሰልጥኚ። ሦስቱ ተጠባባቂ ይሆናሉ። አንድ ለሦስት ከማድረግ ግን ሁለት መካሪ ለስድስት ልጅ ማድረጉን እመርጣለሁ። ሂሳቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ መካሪ ቢታመም ወይም ፈተና ቢኖርበት ቡድኑ አይበተንም፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ያስተውላል፣ ብቻውን የሆነ መካሪም አይኖርም። ስትደለድዪ በዕድሜ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት ዓመት ልዩነት ይኑር። ወንድምና እህት፣ የቅርብ ጓደኛ፣ የፍቅር ነገር ያለባቸው ልጆች አንድ ቡድን ውስጥ አይግቡ።

ስልጠናው 12 ሰዓት ይሁን፤ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ሰዓት፣ ለአራት ሳምንት። 12 ሰዓቱን በሁለት ቀን አጭቆ መጨረስ አይሠራም። ማዳመጥ በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው፤ በመሃል ሄደው ቤት ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ሞክረውት፣ አልሆን ያላቸውን ይዘው መመለስ አለባቸው።

የመጀመሪያው ቀን ስለ ድርሻቸው ነው፦ መካሪ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም። እዚህ ላይ ብዙ አትቆዪ፤ በአንድ ፍሊፕ ቻርት ያልቃል። ሁለተኛው ቀን ማዳመጥ፣ ሦስተኛው ግብ ማውጣት፣ አራተኛው አስቸጋሪ ሁኔታዎችና ደህንነት።

ለማዳመጥ ሦስት ሦስት አድርጊያቸው፦ ተናጋሪ፣ አዳማጭ፣ ታዛቢ። ተናጋሪው እውነተኛ ግን ቀላል ችግር ያነሳል፤ «ጠዋት መነሳት አቅቶኛል» ዓይነት። ለአራት ደቂቃ ይነጋገራሉ። ታዛቢው ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ፣ አዳማጩ ጥያቄ ሲጠይቅ በግራ፣ ምክር ሲሰጥ በቀኝ ጭረት ይጭራል። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ግብረ መልስ፣ ቀጥሎ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሦስቱ ዙር 18 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ቀኝ በኩል በጭረት ይሞላል፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲያዩት ይደነግጣሉ። ያ ወረቀት ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያስተምራል። በዚያው ቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ድገሚው።

የግብ ማውጣቱን ቀን በምሳሌ ላሳይ። ታናሹ «ጊታር መልመድ እፈልጋለሁ» አለ እንበል። ያልሰለጠነ መካሪ ወዲያው «በየቀኑ አንድ ሰዓት ተለማመድ» ይላል። የሰለጠነችው እንዲህ ትሄዳለች፦

«በ13ኛው ሳምንት መጨረሻ ምን ብትጫወት ነው ለመድኩ የምትለው?»
«አንድ ሙሉ ዘፈን።»
«ዘፈኑ ስንት ኮርድ አለው?»
«አራት።»
«ከአራቱ ስንቱን ታውቃለህ?»
«ሁለቱን።»
«ሦስተኛውን ማን ያሳይሃል? በሳምንት የትኛው ሰዓት?»

በመጨረሻ ታናሹ በራሱ እጅ «በ13 ሳምንት ውስጥ አራት ኮርድ ያለውን አንድ ዘፈን ሳላቋርጥ እጫወታለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከአጎቴ ጋር እለማመዳለሁ» ብሎ ይጽፋል። ምክር የሚባል ነገር አልተሰጠም፤ ግቡ ግን የሚለካ ሆነ፣ የልጁም ሆነ። ለቅጽ መሙላቱ ችግር መድኃኒቱ አንድ ደንብ ነው፦ ብዕሩ ከታናሹ እጅ አይወጣም። መዝገቡ በኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ የይለፍ ቃሉን መካሪው ማወቅ የለበትም።

የልጆች ደህንነት፦

አሰልጣኙ ባሉት አብዛኛው እስማማለሁ፣ የጭረቱ ወረቀት በተለይ ግሩም ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም፦ ደህንነትን አራተኛው ቀን ላይ ማስቀመጥ። ልጆቹ መካሪ የሚል ስም ከተሰጣቸው ዕለት ጀምሮ ምስጢር ይነገራቸዋል፤ ስልጠናው እስኪያልቅ የሚጠብቅ የለም። በመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ ይስጡት፣ በመጨረሻው ቀን በሚና ጨዋታ ይለማመዱት።

አስተባባሪዋ፣ መካሪዎቹ ዝም የሚሉት ክፉ ሆነው አይደለም። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል ገብተዋል፤ ቃል ማፍረስ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ከባድ ነውር ነው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ያን ቃል እንዳይገቡ ማሰልጠን አለብን። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ ገና ማንም ምንም ሳይናገር፣ መካሪው ይህን በራሱ አንደበት ይበል፦ «የምትነግሩኝን ወሬ አላደርገውም። እናንተን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለኃላፊው እነግራለሁ፤ ከመናገሬ በፊትም አሳውቃችኋለሁ።» በቃል ይያዙት፤ በራሳቸው አነጋገር ሊያለዝቡት ይችላሉ፣ ሦስቱ ሐሳብ ግን ይኑር። ታናሹ «ለማንም እንደማትናገር ማልልኝ» ካለ፣ መልሱ «መማል አልችልም፤ መስማት ግን እችላለሁ፣ ብቻህንም አትቀርም» ነው። ይህን ጮክ ብለው አምስት ስድስት ጊዜ ካልተለማመዱት፣ በዕለቱ አፋቸው ላይ አይመጣም።

ምኑ ወደ አዋቂ ይሂድ? ራስን መጉዳት ወይም መኖር አለመፈለግ፣ ቤት ውስጥም ሆነ ውጭ የሚደርስ ድብደባ ወይም ወሲባዊ ጥቃት፣ በፎቶ ወይም በመልእክት ማስፈራራት፣ ከቤት ለመጥፋት ማሰብ፣ አደገኛ ዕፅ፣ አንድ አዋቂ ሰው በድብቅ የሚያደርገው ግንኙነት። እነዚህ በዚያው ዕለት ይነገራሉ፤ ነገ አይባልም። ከጓደኛ ጋር መጣላት፣ ዝቅተኛ ውጤት፣ መውደድና መወደድ በመካሪውና በታናሹ መካከል ይቀራል። በመሃል ያለው ግራ ያጋባል፤ ለዚያ ደግሞ ስም ሳይጠሩ ኃላፊውን መጠየቅ ይፈቀዳል፦ «እንዲህ የሚል ልጅ ቢኖር ምን ይደረጋል?»

ልጁ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ ብቻውን አይተውም። አንዱ መካሪ አብሮት ይቆያል፣ ሌላው አዋቂ ይጠራል። ሁለት መካሪ በአንድ ቡድን መሆኑ እዚህም ይጠቅማል።

መካሪው መርማሪ አይደለም። «አባትህ ነው የመታህ?» አይባልም፤ መልሱን ለልጁ ማቀበል ነው፣ በኋላ ጉዳዩን የሚይዘውን ባለሙያም ያሰናክላል። «ከዚያስ?» ይበቃል። ተጠርጣሪውን ሄዶ ማነጋገር፣ ቁስል ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ልጁ የተናገረውን በራሱ በልጁ ቃላት፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር፣ በዚያው ቀን በአንድ ወረቀት ይጻፍና ለኃላፊው ይሰጥ። ቅጂ በስልክ አይያዝ።

ኃላፊ ስል በስም የታወቁ ሁለት አዋቂዎች ማለቴ ነው፤ አንዱ ባይገኝ ሌላው እንዲኖር። ስልካቸው እያንዳንዱ መካሪ ጋ በትንሽ ካርድ ይኑር። ብዙ ፕሮግራም የሚዘነጋውን ልጨምር፦ መካሪው ነግሮ ሲጨርስ የሆነውን ሁሉ ማወቅ አይገባውም፤ ግን «ደርሶናል፣ እየሠራንበት ነው» የሚል ምላሽ በማግሥቱ ማግኘት አለበት። ያን ካላገኘ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም። ከሳምንት በኋላም ራሱን እንዴት እንደሆነ ይጠየቅ፤ የ16 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ አይወስደውም።

ድንበሮቹን ባጭሩ፦ የሚገናኙት ሌላ ሰው በሚያያቸው ቦታ ነው፣ በር አይዘጋም። የስልክ መልእክት አዋቂ ባለበት ግሩፕ ብቻ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የለም። ገንዘብ መበደርም ማበደርም የለም። የታናሽ ፎቶ ያለ ፈቃድ አይለጠፍም። መካሪዎቹ ራሳቸው ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ የወላጅ ፈቃድ ከሁለቱም ወገን ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የታናሾቹ ብቻ ይሰበሰብና የመካሪዎቹ ይረሳል።

ከነሐስ እስከ ወርቅ፦

ስለ ሰዓቱ ጥያቄ እኔ ልመልስ። የዱክ ኦቭ ኤድንብራ ዓለም አቀፍ አዋርድን ደንብ ይዤ ነው የምናገረው፤ የእናንተ ሌላ ከሆነ ቁጥሩ ይለያያል።

አዎ፣ የአቻ መካሪነት በአገልግሎት ክፍል ይቆጠራል፤ በፈቃደኝነትና ያለ ክፍያ ከሆነ። ነሐስን የጨረሰ ልጅ ለብር አገልግሎት 6 ወር ይጠበቅበታል፣ በአማካይ በሳምንት አንድ ሰዓት፤ 26 ሳምንት ገደማ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ አስተባባሪ ይሳሳታል፦ ነሐስ በየክፍሉ 3 ወር ስለሆነ መካሪነቱን 13 ሳምንት ላይ ያቆመዋል። ያኔ መካሪዎቹ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ፣ ሌላ አገልግሎት ፍለጋ ይሄዳሉ። ነገር ግን ነሐስ ራሱ በጠቅላላው ቢያንስ 6 ወር ነው፤ ተሳታፊው ከአገልግሎት፣ ከክህሎትና ከአካል ብቃት አንዱን መርጦ ተጨማሪ 3 ወር ይቀጥልበታል። ስለዚህ መካሪነቱን ከመጀመሪያው የ26 ሳምንት አድርጋችሁ ብታቅዱ የታናሾቹ ነሐስና የመካሪዎቹ የብር አገልግሎት አብሮ ያልቃል።

ሰዓት ሲመዘገብ ሦስት ጥንቃቄ አለ። መጀመሪያ፣ እንቅስቃሴውና ግቡ ከመጀመሩ በፊት ከአዋርድ መሪው፣ ማለትም ተሳታፊዎቹን ከሚመራው አዋቂ ጋር ይስማሙ፤ ወደኋላ ተመልሶ የሚመዘገብ ሰዓት ለጭቅጭቅ ይዳርጋል። ሁለተኛ፣ አንዱ ሰዓት ለሁለት ክፍል አይቆጠርም። መካሪዋ ከታናሾቿ ጋር እግር ኳስ ብትጫወት ያ ሰዓት ወይ አገልግሎት ነው ወይ አካል ብቃት። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ መሆኑ ራሱ የዓላማው አካል ነው፤ 13 ሰዓት በአንድ ቅዳሜና እሑድ ማጠናቀቅ አይቻልም። የ12 ሰዓቱን ስልጠና በተመለከተ ስልጠና ብቻውን አገልግሎት አይደለም፤ ከፊሉ ይያዝ እንደሆነ ከመጀመሩ በፊት ከመሪው ጋር ተነጋገሩ።

መካሪ የታናሹን መዝገብ አይፈርምም። ግምገማው ሙያውን የሚያውቅ፣ የቤተሰብ አባል ያልሆነ አዋቂ ሥራ ነው። መካሪው ከፈረመ ታናሹ ፊት ዳኛ ይሆናል፤ ዳኛ ፊት ደግሞ «በዚህ ሳምንት አልሠራሁም» ብሎ የሚናገር የለም።

ጉዞውን አትርሱ፤ መካሪዎች በጣም የሚጠቅሙትም በጣም የሚያበላሹትም እዚያ ነው። የነሐስ ጉዞ 2 ቀንና 1 ሌሊት ነው፣ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ዓላማ ያለው ጥረት፤ ቡድኑ ከ4 እስከ 7 ሰው። መካሪው በዝግጅቱና በልምምድ ጉዞው ያግዝ፦ ቦርሳ ሲጫን ከባዱ ነገር ወደ ጀርባ እንዲጠጋ፣ ካርታው ከአቅጣጫው ጋር እንዲገጥም፣ ድንኳኑ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ተተክሎ እንዲፈተሽ። በዋናው ጉዞ ግን ቡድኑ ራሱን ችሎ ነው የሚሄደው፤ መካሪው ካርታ ይዞ ከፊት ከቀደመ የታናሾቹ ጉዞ መሆኑ ይቀራል። በልምምዱ ጊዜ እንኳ መካሪው ከኋላ ይሂድ። ቡድኑ መንገድ ሲስት ወዲያው አይናገር፤ አደገኛ እስካልሆነ ድረስ 10 ደቂቃ ይታገስና «አሁን የት ያለን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቅ።

እግረ መንገዴን፣ መካሪዎች ታናሾቻቸውን እርስ በርስ እንዳያወዳድሩ ንገሯቸው። አዋርዱ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲጀመርም ሆነ ዛሬ ውድድር አይደለም፤ ልጁ የሚለካው ከራሱ መነሻ ጋር ነው። «የእኔ ቡድን ቀደመ» የሚለው ፉክክር በመካሪዎች መካከል በቀላሉ ይነሳል፣ ዘገምተኛውንም ልጅ ያስወጣል።

አስተባባሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተቃናልኝ። የ26 ሳምንቱን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ነገር ይቀረኛል። መካሪዎቹ ከስልጠና በኋላ እንዳይጠፉ በየሳምንቱ ምን ይደረግ? ደግሞ ሰልጥኖም ምክር ማቆም የማይችል ልጅ ይኖራል፤ እሱንስ? ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ቡድን ላይም ያላችሁን ሐሳብ ብትነግሩኝ።

ክትትል ክፍል፦

ስልጠናው ላይ የምታወጪውን ጉልበት ያህል ክትትሉ ላይ ካላወጣሽ 12 ሰዓቱ ይባክናል። የሚጠፉት ስለሰነፉ አይደለም። በአራተኛው ሳምንት አካባቢ አዲስነቱ ያልቃል፤ ታናሹ መቅረት ይጀምራል፤ መካሪው «እኔ ስለማልረባ ነው የቀረው» ብሎ ያስባል፤ የሚነግረው ሰው ስለሌለ እሱም ይቀራል። ሰንሰለቱን መበጠስ ያለብሽ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ ገና ማንም ሳይቀር። ያን ጊዜ ሰብስበሽ «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንዳንድ ልጅ ይቀራል፤ የሚጠበቅ ነው፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የቀረ ልጅ ሲኖር እንዲህ ታደርጋላችሁ» በያቸው። የሚያደርጉትም ቀላል ነው፦ በዚያው ቀን በግሩፑ አንድ ሞቅ ያለ መልእክት፣ ያለ ወቀሳ፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከቀረ ለኃላፊው ማሳወቅ። ቤት ድረስ አይሄዱም።

ለስድስት መካሪ አንድ አዋቂ ይመደብ። በየሁለት ሳምንቱ 45 ደቂቃ ይቀመጡ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀንና ሰዓት። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ምን ሄደ? ምን ያዘህ? በሚቀጥለው ምን ትሞክራለህ? መልሱን መጀመሪያ ሌሎቹ መካሪዎች ይስጡ፤ አዋቂው መጨረሻ ላይ ይናገር። አዋቂው ቀድሞ ምክር ከሰጠ፣ መካሪዎቹ ታናሾቻቸው ላይ ያንኑ ያደርጉታል። የሚያዩትን ነው የሚደግሙት።

ከእያንዳንዱ ግንኙነት በኋላ አምስት መስመር ይጻፉ፦ ቀን፣ ማን መጣ፣ ስለምን ተነጋገርን፣ ታናሹ ራሱ ምን ሊያደርግ ወሰነ፣ ኃላፊው ማወቅ ያለበት ነገር አለ ወይ። ከዚህ ረዘም ያለ ቅጽ ከሰጠሽ በሁለተኛው ወር ባዶ ይመጣል። የግል ምስጢር በዚህ መዝገብ አይጻፍም፤ ያ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ከላይ እንደተባለው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግንኙነቶች ዕቅድ በካርድ ጽፈሽ ስጪያቸው፤ ባዶ እጁን የገባ ልጅ ስለሚደነግጥ ያስተምራል። የመጀመሪያው ግንኙነት 60 ደቂቃ ቢሆን፦ 10 ደቂቃ መተዋወቂያ ጨዋታ፣ 5 ደቂቃ የምስጢሩ ማስታወቂያ፣ 15 ደቂቃ መካሪው ራሱ በነሐስ ጊዜ የከበደውን ተናግሮ ታናሾቹ እንዲጠይቁት፣ 20 ደቂቃ እያንዳንዱ አንድ ሐሳብ በወረቀት፣ 10 ደቂቃ የሚቀጥለውን ቀን መወሰንና መሰነባበት። ከአራተኛው ጀምሮ ካርድ አትስጪ፤ ራሳቸው ያቅዱ፣ አንቺ ከመገናኘታቸው በፊት አይተሽ መልሺ።

ምክር የማያቆመውን ልጅ በተመለከተ፣ አታስወጪው። ሦስት ጥያቄ ሳይጠይቅ ምክር እንዳይሰጥ ደንብ ስጪው፤ ሦስቱን ከጠየቀም በኋላ አስፈቅዶ ይናገር፦ «እኔን የጠቀመኝን ልንገርህ?» አጠገቡ ያለው ሁለተኛ መካሪ ለሦስት ግንኙነት ያህል ጭረቱን ይያዝለት። አዋቂውም በወር አንድ ጊዜ 10 ደቂቃ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይመልከት፤ አስቀድሞ ግን ይናገር፣ ድንገት ገብቶ አይፈትሽ። ከስድስት ሳምንት በኋላም ታናሾቹን የሚያሸማቅቅ ከሆነ ግን ከመካሪነት አንስተሽ ሌላ የሚያኮራ ሥራ ስጪው፤ የጉዞ ዕቃ ኃላፊነት ለምሳሌ። በአደባባይ አይነሳ።

ለተቀላቀለ ቡድን አንድ ወንድና አንድ ሴት መካሪ መድቢ። ታናሾቹ ለግል ነገር የሚቀርባቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ስድስቱ ልጆች ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ወይም አንድ ወንድ ብቻ እንዳይኖር፤ ቢያንስ ሁለት ሁለት ይሁኑ።

የፈተና ወቅትን አስቀድመሽ በቀን መቁጠሪያው ላይ አስፍሪ። «ከዚህ እስከዚህ ሁለት ሳምንት አንገናኝም» ብሎ አስቀድሞ መናገር እና ሳይናገሩ መጥፋት ለታናሹ በጣም የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ምንም እንኳ መካሪዎቹ አዋቂዎች ቢሆኑም፣ ግንኙነታቸው ገና በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ታዳጊዎች ለራሳቸው ያላቸው ግምት እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ መውጣት ግድ የሆነበት መካሪ እንኳ በአካል መጥቶ 10 ደቂቃ ይሰናበት፣ ለምን እንደሚሄድ ይናገር፣ ተጠባባቂውን በራሱ አፍ ያስተዋውቅ። ሦስቱ ተጠባባቂዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ የ45 ደቂቃው ስብሰባ ላይ ይገኙ፤ ያለዚያ ሲጠሩ ባዳ ናቸው። የ26ኛውን ሳምንት ቀን ደግሞ በመጀመሪያው ግንኙነት ላይ ንገሯቸው፤ 24ኛው ላይ አስታውሷቸው።

አስተባባሪዋ፦

ገባኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቲሸርቱን ግን አዝዘነዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ባንሰጥ ይሻላል?

አሰልጣኙ፦

አዎ፣ አቆዪው። በስልጠናው ማግሥት ከሰጠሽ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሦስቱን የክትትል ስብሰባ ለተገኙት፣ ታናሾቹ ባሉበት ስጪ። ተጠባባቂዎቹንም አትዝለያቸው፤ መጠናቸውን ጠይቀሽ 15ቱንም እዘዢ።